ስካነር የተማርሁበት የእማማ ትርንጎ ቤት

ስካነሩን የተረከብሁ ዕለት አንገቴ ላይ አንጠልጥዬው ወጣሁ፤ ሐኪም መሰልሁ። ስካነር ያልሁት ታብሌት ነው፤ ዋይፋይ ቤት ውስጥ የት እንደሚበረታ፣ የት እንደሚደክም የሚለካ። ዕድሜዬን እስራኤል ውስጥ በቤር ሼቫ ከተማ ሕንጻዎች ኬብል ስጎትት ኖሬ በስተርጅና አየር ልለካ ተላክሁ።

የቡድናችን ኃላፊ ሩት ናት፤ እዚሁ የተወለደች፣ የልጄ እኩያ። ይዛኝ የሄደችው ሽኩና ዩድ አሌፍ የሚባለው ሰፈር፣ ብቻቸውን የሚኖሩት እማማ ትርንጎ ቤት ነው። ባለፈው ሳምንት መታጠቢያ ቤት ወድቀው፣ እጃቸው ላይ የታሰረውን የእርዳታ መጥሪያ ቢጫኑ ማንም አልሰማቸውም። መጥሪያው በዋይፋይ ነው የሚሠራ።

ሩት አሠራሩን አሳየችኝ። የቤቱን ንድፍ ታብሌቱ ላይ ትሥላለህ፤ ዋይፋዩን ከዝርዝሩ ትመርጣለህ፤ በየክፍሉ ቆም እያልህ ትለካለህ። ጥሩው አረንጓዴ፣ መጥፎው ቀይ ይሆናል።

እኔ ከላይ ያገኘሁትን መርጬ ዞርሁ። ሳሎን አረንጓዴ። ወጥ ቤት አረንጓዴ። መታጠቢያ ቤቱ ሳይቀር እንደ ክረምት መስክ ለመለመ።

«ይህ ቤት ምንም አልጎደለው» አልሁ፣ ደረቴን ነፍቼ።

ሩት ታብሌቱን አየች፤ ቀጥሎ ኪሴን። «አባባ፣ የለኩት የራስዎን ስልክ ነው። ኢንተርኔት ማጋሪያው ክፍት ነው።»

«እኔም፣ ምን ዓይነት ታማኝ ዋይፋይ ነው፣ በሄድሁበት የሚከተለኝ እያልሁ ነበር።»

እማማ ትርንጎ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሳቁ። «ዋይፋዩ ከእሱ ጋር ከሆነ፣ ሰውዬውን ለምን እዚሁ አታስቀምጭልኝም?»

ስልኬን አጥፍቼ፣ የእማማን ዋይፋይ መርጬ እንደገና ዞርሁ። ቤቱ ሁሉ ቀላ። አረንጓዴው ማማድ ውስጥ ብቻ ነበር፤ ሮኬት ሲመጣ የምንገባበት፣ ግንቡ ወፍራም፣ በሩ ብረት የሆነ ክፍል። ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ራውተር እዚያ ከሰንበት ልብሳቸው ጎን ጥልፍ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። በሩ ተዘግቷል።

«የልጄ ፎቶም እዚያ ነው» አሉ እማማ። «ውድ ነገር ውጭ ይቀመጣል ወይ?»

ልከራከር አፌን ስከፍት ሩት ቀደመችኝ። «ነኾን፣ ልክ ነዎት እማማ። እዚያው ይቀመጥ። ዘበኛ እንቀጥርለታለን፤ ዘበኛ ደግሞ ከበር ውጭ ነው የሚቆም።»

በግንቡ ቱቦ ኬብል ሳብን፤ ይችን እንኳ አውቃታለሁ። ኮሪደሩ ላይ ሩት ዘበኛ ያለችውን ሁለተኛ ማሰራጫ ሰቀልን። ለካሁ፤ እስከ መታጠቢያ ቤት አረንጓዴ።

ሩት ግን ታብሌቱን ብቻ አላመነችም። «እማማ፣ መታጠቢያ ቤት ገብተው ይጫኑት።»

ተጫኑ። ከመጥሪያው ውስጥ አንዲት የእርዳታ ሠራተኛ «ማ ቃራ?» አለች፤ ምን ሆኑ ማለቷ ነው።

«ምንም አልሆንሁ ልጄ። መኖርሽን ልወቅ ብዬ ነው።»

ከዚያ ወዲህ የለካሁትን ቤት ሁሉ የለካሁት እንደ ሩት ነው። መጀመሪያ የራስህን ስልክ አጥፋ። ዕቃው ለምን እዚያ እንደተቀመጠ ባለቤቱን ጠይቅ። ከመውጣትህ በፊት መጥሪያውን ራሳቸው ይጫኑት።