ዶምኒካ የመድን ወኪል የሆነችበት ተዝካር

ዶምኒካ የሸክላ ማሰሮውን በጉልበቶቿ መሐል ይዛ አንገቱ ላይ ነጭ ፎጣ ታስራለች። ፎጣውን ሁለት ጊዜ ታዞርና ቋጠሮው ውስጥ አንድ ሻማና አንድ የእንጨት ማንኪያ ሰክታ፣ ማሰሮውን ከግድግዳው ሥር ከሌሎቹ ጋር ታሰልፈዋለች። የታዘዘው አርባ አራት ማሰሮ ነው፤ ሠላሳ አንዱን ጨርሳለች። እኔ ጎረቤቷ ከፊቷ በርጩማ ላይ ተቀምጬ የመድን ትምህርቱን መጽሐፍ እያገላበጥኩ እጠይቃታለሁ።

«አረቦን ምንድን ነው?»

«ደንበኛው ለዋስትናው በየጊዜው የሚከፍለው ገንዘብ።»

«ተጠቃሚስ?»

«ዋስትና የተገባለት ሰው ሲሞት ካሳውን የሚቀበል። ማንኪያ አቀብዪኝ።»

«ወኪሉ ቅጽ ሲሞላ ደንበኛው ያላለውን መጻፍ ይችላል?»

«በፍጹም። ያለውን ብቻ፣ እንዳለው።» ሠላሳ ሁለተኛውን ማሰሮ አነሣች።

ማሰሮዎቹ በጎረቤታችን በሚትሩ ተዝካር ላይ ለእንግዶች የሚታደሉ ናቸው። ሚትሩ አልሞተም። ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው፣ ንብ ያነባል፣ መሰላል ላይ እንደ ድመት ይወጣል። በእኛ በኦልቴኒያ መንደሮች አቅም ያለው ሰው ተዝካሩን በቁሙ ማየት ይወዳል። ልጆች ይረሱ ይሆናል፣ ወጡን ያቀጥኑት ይሆናል፤ ስለዚህ ራሱ ደግሶ፣ ራሱ አስተናግዶ፣ ራሱ በልቶ ይገላገላል። ሚትሩ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ቀድሞ ካላለቀለት እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው። የክረምቱን እንጨት በሚያዝያ ፈልጦ ይጨርሳል።

ዶምኒካ ሃያ ሁለት ዓመት የመንደራችን ፖስታ ቤት መስኮት ላይ ሠርታለች። ባለፈው መከር መስኮቱ ተዘጋ። አንድ ወረቀት ለጠፉበትና ደብዳቤ ያለው ሰው አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ይሂድ አሉ። ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፣ እሷ ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ሥራ የሚሰጣት አልተገኘም። የእህቷ ልጅ ቤርጋሞ ውስጥ አንዲት አሮጊት አግኝታላታለች፤ ማጠብ፣ ማጉረስ፣ ሌሊት መነሣት ነው። ለእሑድ የጣሊያን አውቶቡስ ቦታ ተይዞላታል። ዶምኒካ ከዚህ መንደር መውጣት አትፈልግም። ለዚህ ነው የሕይወት መድን ወኪልነቱን ትምህርት የተማረችው። የጽሑፉን ፈተና ክራዮቫ ከተማ ሄዳ ከአርባ ጥያቄ ሠላሳ ሰባቱን መለሰች። የቀራት አንድ ነገር ነው፤ የኩባንያው ተቆጣጣሪ ቅዳሜ መጥቶ፣ እውነተኛ ደንበኛ ቤት ውስጥ ቅጽ ስትሞላ ማየት አለበት። ካለፈች ፈቃዱ ይወጣላታል። ከወደቀች እሑድ አውቶቡስ ላይ ናት።

ደንበኛ ማግኘቱ ነው የከበደው። ገና «የሕይወት መድን» ስትል ሰዎች የሸሚዛቸውን አንገት ከፍተው ክፉ እንዳይነካቸው ወደ ደረታቸው ሦስት ጊዜ እንትፍ ይላሉ።

«እንዲህ ያለ ነገር በቤቴ አታንሺ!»

ይህን የሚሏት የሬሳ ሳጥናቸውን ጣራ ሥር ያስቀመጡ ሰዎች ናቸው። እማማ ስታንካ እንኳ አባረረቻት። የእሷ የመቃብር መስቀል ላይ የሞት ዘመኗ «19» ተብሎ ተቀርጾ ቦታው ክፍት ቀርቷል፤ ክፍለ ዘመኑ አልፎባት ጠራቢውን እስከ ዛሬ ትራገማለች።

እሺ ያለው ሚትሩ ብቻ ነው። «መስቀል አለኝ፣ ሳጥን አለኝ፣ ሱፍ ልብስ አለኝ፣ ቅዳሜ ተዝካሬን እበላለሁ፤ የቀረኝ እሱ ነው። ቅዳሜ ይምጣ ሰውዬሽ!»

«ቅዳሜ ተዝካርህ አይደል እንዴ?»

«ታዲያስ? ሰው ሁሉ እዚያው አለ፣ ምግብ እዚያው አለ።»

ቅዳሜ ተቆጣጣሪው አቶ ኮስሚን በነጭ መኪና መጣ። ሠላሳ ዓመት የማይሞላው ልጅ ነው፣ ጫማው ያብለጨልጫል። አገሩ ወደ ሰሜን ስለሆነ የእኛን ነገር አያውቅም። የሚትሩን ግቢ በር ከፍቶ ሲገባ ያየው አዲስ ጥቁር እብነ በረድ መስቀል ነው። ግድግዳው ላይ ተደግፏል፤ የሚትሩ ፎቶና ስም፣ ሥሩም «1963–20» ተቀርጾበታል። አባ ኒኮዲም የሚትሩን ስም እየጠሩ ይጸልያሉ፣ ሴቶች በዱቄት ስኳር መስቀል የተሠራበት የስንዴ ንፍሮ ይዘው ይገባሉ። ልጁ ጥቁር መነጽሩን አወለቀ። አጠገቡ ለቆመው ለመጀመሪያው ሰው አንገቱን ደፍቶ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለና ዶምኒካን በክንዷ ይዞ ወደ ጎን ወሰዳት።

«እትዬ ዶምኒካ፣ መቼ ነው የሞቱት?»

«ማን?»

«ደንበኛዎ!»

«ምን በወጣው ይሞታል? አሁን ‹ያጽናችሁ› ያሉት እሱን አይደል እንዴ።»

ሚትሩ እጁን በሱሪው ጠረገና ዘረጋለት። «እንኳን ደህና መጣህ ልጄ። ሟቹ እኔ ነኝ። ግባ፣ ሳርማሌው ሳይቀዘቅዝ ብላ።»

ኮስሚን ተቀመጠ። በጎመን ቅጠል የተጠቀለለውን የሥጋ ሳርማሌ በላ፣ የፕለም አረቄውን በትንሹ ቀመሰ፣ የፊቱ ቀለም ቀስ እያለ ተመለሰለት። ዶምኒካ የጠረጴዛውን ጫፍ በጨርቅ ወልውላ ቅጹን ዘረጋች። የሚትሩ ሚስት ሳፍታ ጭልፋ እንደያዘች እየሮጠች መጣች።

«ዛሬ ወረቀት አይነካም! ዛሬ የነፍሱ ቀን ነው። በዚህ ቀን ባለ ተዝካሩ የለም እንደሚባል አታውቂም?»

«ከሌለ ይሄን ሁሉ ሳርማሌ ማን ጨረሰው?» አለ አንዱ ከወንበሩ።

«የሌለ ሰው ፊርማ አይጸናም» አለ ሌላው። «ፍርድ ቤት ይጥለዋል።»

ኮስሚን ጭንቅላቱን ይዞ ወደ ቄሱ ዞረ። አባ ኒኮዲም ጢማቸውን በመሐረብ ጠረጉ። «እኔ የጸለይኩት ለሚመጣው ነው። ሰውዬው ግን ይኸው፣ ሦስተኛ ሳህኑን እየበላ ነው። ይፈርም።»

ዶምኒካ ጀመረች። ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ፤ በፖስታ ቤቱ ቆንጆ ጽሕፈቷ ሞላችው። «ሚትሩ፣ ተጠቃሚህ ማን ነው?»

«ራሴ።»

«አይሆንም። ገንዘቡ የሚከፈለው ስትሞት ነው።»

«ተዝካሬን በቁሜ በላሁ፤ ካሳዬን በቁሜ እንዳልበላ የከለከለኝ ማን ነው?»

ሰዉ ሁሉ ልክ ነው አለ። ሳፍታ ጭልፋውን ጠረጴዛው ላይ መታች። «ተጠቃሚዋ እኔ ነኝ! ሠላሳ ስድስት ዓመት ካልሲህን ያጠብኩት ማን ሆነና!»

«እሺ፣ እሷን ጻፊ» አለ ሚትሩ፣ «ጭልፋውን እስክታስቀምጥ።»

ዶምኒካ «ሳፍታ፣ ሚስት» ብላ ጻፈች። ቀጥሎ የጤና ጥያቄዎቹ መጡ። ልቡ ደህና፣ ሳንባው ደህና፣ ሆስፒታል ተኝቶ አያውቅም። የኮስሚን ፊት እየፈካ ሄደ። ከዚያ አሥራ አንደኛው ጥያቄ ላይ ደረሰች።

«በቅርቡ እንደምትሞት የሚያሳስብህ ነገር አለ?»

«አለ እንጂ!» አለ ሚትሩ። «ዕውር ነሽ እንዴ? ሁሉ ነገር ተዘጋጅቷል። ሳጥኑ ጣራ ሥር ነው፣ መስቀሉ ያውልሽ፣ ሱፉ ተተኩሶ ተሰቅሏል። እኔ እንግዲህ ዝግጁ ነኝ፣ በፈለገው ቀን።»

የዶምኒካ እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ቆመ። ኮስሚን አጎነበሰና በጆሮዋ አንሾካሾከ፤ እኔ በቅርብ ስለነበርኩ ሰማሁት። «እትዬ፣ ‹የለም› ብለው ይጻፉ።»

«እሱ ‹አለ› ነው ያለው።»

«ይገባኛል። ግን ‹አለ› ከተባለ ኩባንያው አይቀበላቸውም። ደንበኛ ከሌለ ደግሞ ምን ፈተና አለፉ ልበል?»

እሑድ ትዝ አለኝ። ሻንጣዋ ከአልጋዋ ሥር እንደተከፈተ አይቼዋለሁ፤ ሁለት የሱፍ ሹራብና የባሏ ፎቶ ገብተውበታል። ጎኗን ጎሸም ላደርጋት ፈልጌ ተውኩት። እሷም ፊቷ ቀላ፣ ከዚያ ቀና ብላ ሚትሩን አየችው።

«ሚትሩ፣ መልስህን ትለውጣለህ?»

«ምኑን ልለውጥ? የማታምኑ ከሆነ ሳጥኑን ላውርደው!»

ማንም አውርድ አላለውም። እሱ ግን መሰላሉ ላይ ወጥቷል፣ ሁለት ሰዎችም ተከተሉት። ሳጥኑን በገመድ ሲያወርዱት አንደኛው ወገን ቀድሞ ዘቀዘቀና ክዳኑ ተከፈተ። አንድ ኩንታል የሚሆን ሽንኩርት በግቢው ላይ ተንከባለለ። ከመስቀሉ ሥር፣ ከአባ ኒኮዲም እግር ሥር፣ ከነጩ መኪና ጎማ ሥር ሽንኩርት ሆነ።

«አንተ!» አለች ሳፍታ። «ሽንኩርት አልቋል ብለህ ገበያ አልላክኸኝም?»

«ለክረምት ያስቀመጥኩት ነው።»

«የማን ክረምት? ዝግጁ ነኝ አላልክም?»

ሳቁ መንገድ ድረስ ተሰማ። ዶምኒካ ግን አልሳቀችም። አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች። ሚትሩ ያለውን ሁሉ፣ ሳጥኑን፣ መስቀሉን፣ ሱፉን፣ «በፈለገው ቀን» ያለውን ጭምር ጻፈች። ለመልሱ የተተወው መስመር ስላልበቃት በኅዳጉ ላይ ቀጠለችና ታችኛው ጥግ ላይ ጨረሰች። ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችለት፤ ሚትሩም እጁ ላይ የሽንኩርት ልጣጭ እንደተጣበቀ ፈረመ።

የደንበኛው ፎቶግራፍ ያስፈልግ ነበር። ሚትሩ ከመስቀሉ አጠገብ ካልሆነ አልነሣም አለ፤ ገና አዲስ ነው፣ ከመንደሩ ውጭ ያየው ሰው የለም። ኮስሚን ለመከራከር አቅም አልነበረውም። በስልኩ አነሣው።

ከዚያ የራሱን ወረቀት አወጣ። የዶምኒካን ሥራ የሚመዝንበት ነው፣ አሥራ ሁለት መስመር አለው። ኪሱን ዳሰሰ፣ እስክሪብቶ ከእሷ ተዋሰ፣ እየቆጠረ ምልክት አደረገ። የመጨረሻው መስመር ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። እኔ ተገልብጦ እንኳ አነበብኩት፤ «ወኪሏ የደንበኛውን መልስ ሳትለውጥ መዝግባለች» ይላል። ልጁ መስመሩን አየ፣ ዶምኒካን አየ፣ ሽንኩርት የሚለቅመውን ሚትሩን አየ። ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ቅድም ያልኩዎትን ይርሱልኝ» አለ ቀስ ብሎ። ምልክቱን አደረገና ፈረመ። «ጋሽ ሚትሩ ይወድቃሉ። እርስዎ ግን አልፈዋል።»

ዶምኒካ አፏን በመሐረቧ ሸፈነች። ከዚያ ተነሥታ ሳርማሌ ጨመረችለት።

እሑድ አውቶቡሱ ያለ እሷ ሄደ። የእህቷ ልጅ ከቤርጋሞ ደውላ ሩብ ሰዓት ሙሉ ጮኸችባት፤ ዶምኒካ ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ «እሺ የኔ ልጅ፣ እሺ የኔ ልጅ» ስትል ነበር። ፈቃዱ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። በፕላስቲክ የተሸፈነ ካርድ ነው፤ ፎቶው ላይ ዶምኒካ አንድ ሰው ከኋላዋ በድንገት የጠራት ትመስላለች። ወሬው በመንደሩ ስለዞረ፣ እንትፍ ይሉ ከነበሩት ስድስቱ በየተራ በጓሮ በር እየመጡ ተመዘገቡ። ሰው ያለውን እንዳለው ትጽፋለች ብለው ነው። አሥራ አንደኛው ጥያቄ ላይ ግን ሁሉም «የለም» ይላሉ፤ ሚትሩን አይተው ተምረዋል።

ከፈቃዱ ጋር ሌላ ያልታሸገ ፖስታ ነበረ። ለእሷ አይደለም፤ በወኪሏ በኩል ለደንበኛው እንዲደርስ ነው። በላዩ ላይ «ለሟች አቶ ሚትሩ ቤተሰብ» ይላል። የኩባንያው ሰዎች ፎቶውን አይተው ነው መሰለኝ። ውስጡ ሁለት አንቀጽ ነው፤ በመጀመሪያው በደረሰው ኀዘን እጅግ ማዘናቸውን ይገልጻሉ፣ በሁለተኛው ዋስትናው ከሞት በፊት ስላልጸና ካሳ መክፈል አንችልም ይላሉ።

ዶምኒካ ደብዳቤውን ልታደርስለት ያን ዕለት ቀሚሷን ቀይራ ወጣች። ሚትሩ መሰላል ላይ ሆኖ ያፏጭ ነበር፤ ይወድቅብኛል ብላ ተመለሰች። በማግስቱ ሄደች፤ ሳፍታ በር ላይ ነበረች፣ የፖስታውን ላይ አይታ ትጮህብኛለች ብላ በሽርጧ ሥር ሸሽጋ ተመለሰች። ለሦስተኛ ጊዜ ስትወጣ እሱ ራሱ በአጥሩ ላይ ጠራት።

«ዶምኒካ! ከኩባንያዬ ወሬ የለም እንዴ?»

መዋሸት አትችልም። «ሰኞ እነግርሃለሁ» አለችው።

ከዚያ ወዲህ አራት ሰኞ አልፏል። ደብዳቤው አሁን በመስኮቷ ላይ ነው። ከእሷ በር እስከ እሱ በር መንገዱን መሻገር ብቻ ነው።