ከደሴት የመጣችው የሌሊት ወፍ

ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ ሁለት ክፍል ለመንገደኛ አከራይ ነበር። በእንግዳ አያያዝ የሚስተካከለኝ የለም ባይ ነበርኩ፤ ዛሬም ነኝ።

አንድ ቀን ከጅቡቲ ከመጣው ባቡር አንድ ፈረንሳዊ ወርዶ እኔ ዘንድ አረፈ። የሽቦ ሳጥን ይዟል፤ ውስጡ አንዲት የሌሊት ወፍ ቁልቁል ተንጠልጥላለች። የሌሊት ወፍማ የድሬን ጣሪያ ሞልቶታል። ይህቺኛዋ ግን ድመት ታክላለች። ጥቁር ክንፏን ቡልኮ እንደለበሰ ሽማግሌ ተከናንባ በብርቱካንማ ዓይኗ ታፈጥብኛለች። ሰውየው እንስሳ የሚያጠና ምሁር ነው። ከኮሞሮ ደሴት ጫካ እንዳመጣት፣ እንዲህ ያለችው ሌላ የትም እንደሌለች፣ መኖሯን የሚያውቅ እንኳ ጥቂት ሰው እንደሆነ ነገረኝ።

በማግስቱ ወባ ጣለው። ሆስፒታል ሲወስዱት እየተንቀጠቀጠ እጄን ያዘና፣ "አደራ፣ ከሞተችብኝ ሌላ የለኝም" አለኝ። ምን እንደምትበላ ብጠይቀው አላውቅም ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ቁልቁል ብትሰቀልም እንግዳ እንግዳ ናት። ከግሪኩ ሱቅ በመርከብ የመጣ ፖም ገዝቼ፣ ልጬ፣ በሸክላ ሳህን አቀረብኩላት። ፊቷን አዞረችብኝ። በማግስቱ ሙሸበክ የሚሉትን ጣፋጭ አስመጣሁ፤ ማሩ የሚንጠባጠብ። አላየችውም። በሦስተኛው ቀን፣ ለደካማ ይስማማል ብዬ፣ የዶሮ መረቅ። ክንፏ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለዚያ በሽተኛ ምን ልለው ነው? አደራ በላ ሆኜ መቅረቴ ነው ብዬ ራሴን ረገምኩ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ከመልካ ጀብዱ ወተት የምታመጣልኝ ሴትዮ ገባች። ሳህኑን አየች፣ የሌሊት ወፏን አየች፣ እኔን አየችና በሳቅ ፈረሰች።

"አቦ፣ የጫካ ፍጥረት እኮ ናት፤ ሰርግ የጠራሻት መሰለሽ እንዴ?" አለችኝ።

ወጣ ብላ ከወንዙ ዳር የሾላ ፍሬ በሻሿ ጫፍ ቋጥራ ተመለሰች። ሾላ! ፍየል የሚለቅመውን፣ በእኔ ቤት፣ ለእንግዳ። ልከለክላት አፌን ስከፍት የሌሊት ወፏ አንገቷን አስግጋ ከእጇ ነጠቀች። ጭማቂው በአገጯ እየወረደ አምስት ስድስቱን ጨረሰች። ከዚያ ወዲህ ሴትዮዋ በየጠዋቱ ከወተቱ ጋር ሾላ ታመጣለች፤ እኔም ጎረቤት እንዳያየኝ በሩን እዘጋለሁ።

ሰውየው ድኖ ሲመለስ ሴትዮዋ ወተት እየሰፈረችልኝ ነበር። የሌሊት ወፏን ደህና ሆና ቢያያት ዓይኑ እንባ ሞላ። ለካ ከደሴቱ ሦስት ይዞ ነው የተነሳው። የያዘላቸው ፍሬ ሲያልቅ ፖም ቢሰጣቸው ሁለቱ መንገድ ላይ ሞተውበታል። ሳህኑ ላይ ያለውን ሾላ ትክ ብሎ አየና ደብተሩን አወጣ። ይህን እንደምትበላ ማን እንዳወቀ ጠየቀኝ።

"እኔ" አልኩት፣ ጣቴን ደረቴ ላይ አድርጌ።

አፌ ቀደመኝ። ፊደል በፊደል አስነግሮኝ ስሜን ጻፈ። ሴትዮዋ ፈረንሳይኛ አትሰማም፤ ጣቴን ግን አይታለች። አፍራለሁ፣ ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይግላል። ወተቱን ልክ በልክ ሰፍራ፣ ሁልጊዜ ጠብ የምታደርግልኝን ምራቂ ሳትጨምር፣ ዕቃዋን ከድና ወጣች። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ወተት አመጣችልኝ፤ ምራቂ ግን አንድ ቀን አልጨመረችልኝም። እኔም አልጠየቅኳትም።