የሊቀመንበሩ ሳልና የደባርቅ ሰዓት

«ሰባት ተኩሉ የፈረንጅ ነው ብዬ ለስንቱ ጆሮ ልንገር? ግንባሬ ላይ ልጻፈው?»

ጥሩዬ ጠረጴዛውን በመዳፏ ስትመታው የማተሚያው ክዳን ዘለለ። አያ ደምለው ግን ንቅንቅ አላሉም። የደባርቅ በቅሎ አከራዮች ማኅበር ቢሮ በር ላይ በግራ እጃቸው በቅሏቸውን፣ በቀኛቸው ወረቀታቸውን ይዘው ተገትረዋል።

«ወረቀቷ ፈረንጅ አትልም! መነሻ ሰባት ተኩል ነው የምትል። ሰባት ተኩል መጣሁ። በቅሎዬን አጥቤ፣ ገመዴን ጠምጥሜ መጣሁ!»

እውነታቸውን ነው። ትናንት ምሳቸውን በልተው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው ሲደርሱ፣ እንግዶቹ ከጠዋቱ አንድ ተኩል በሌላ ሰው በቅሎ ጭነው ሄደዋል። ይሄኔ ተራራው ላይ፣ ሳንቃ በር ሰፈር፣ ድንኳን ተክለዋል። ተራ ደግሞ አንዴ ካለፈ አለፈ ነው፤ ዞሮ እስኪመጣ ክረምት ይገባል።

ሊቀመንበሩ አቶ ሀብተ ሚካኤል ጠዋት ነገሩን ሰምተው፣ እንደ ልማዳቸው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ እህ! እህ! እህህ!፣ ፈርደው ነበር የሄዱት።

«አስር ሰዓት እመለሳለሁ። ይቺ ኮምፒውተር የነገውን ወረቀት በኛ ሰዓት ካተመች ጥፋቱ የሷ ነበር ማለት ነው፤ የነገው ተራ የደምለው ነው። ካላተመች ወደ ደብተራችን እንመለሳለን።»

ወደ ደብተር መመለስ ማለት ጥሩዬ ቁልፏን አስረክባ ቤቷ ገባች ማለት ነው። አልተናገሩትም እንጂ ሁሉም ሰምቶታል።

ጥሩዬ የሊማሊሞ ልጅ ናት። ከስምንተኛ ክፍል ወጥታ ለተጓዦች ምግብ አብሳይ ድንች ስትልጥ፣ ሽንኩርት ስትከትፍ ስድስት ዓመት ተራራውን ወጥታ ወርዳዋለች። ኮምፒውተሯን ያገኘቻት እዚሁ ቢሮ ነው፤ አንድ ፕሮጀክት ሲያልቅ ጥሏት የሄደ፣ ነጠላ ለብሳ እንደ ሙሽራ ጥግ የተቀመጠች። ሁሉም ፈራት። ጥሩዬ ነጠላውን ገለጠች።

ሌላ ሰው ኮምፒውተር ሲከፍት ሳሎን ተቀምጦ ይወጣል። ጥሩዬ ጓዳ ካልገባች አይሆንላትም። ሬጅስትሪ የሚሉት አለ፤ ኮምፒውተሯ አመሏን ሁሉ በጥቃቅን ቁጥር ጽፋ የምትደብቅበት። እዚያ እየገባች፣ ይቺን ብለውጣት ምን ይሆን እያለች ስትነካካ ዓመት ዓመት ወለደ። የሽማግሎቹ ዓይን ደከመ ብላ የማውሱን ቀስት ጡጫ አሳከለችው። ስህተት ሲመጣ ጢን የምትለዋን ድምፅም አልወደደቻትም። በስልኳ የአቶ ሀብተ ሚካኤልን ሳል ሰርቃ ቀድታ በቦታዋ አስገባችው። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሯ ሲከፋት እንደ ሊቀመንበር ትስላለች። ሊቀመንበሩ ግን አያውቁም።

አንድ ቀን ግን አንዲት ቁጥር ተሳስታ ስክሪኑ ጨለመ። ሦስት ቀን እህል አልወረደላትም። ኮምፒውተሯ በስንት ስለት ስትመለስ አቶ ሀብተ ሚካኤል «ሁለተኛ ጓዳ ብትገቢ!» ብለው ጣታቸውን ቀሰሩባት።

ስለዚህ ዛሬ በበሩ ሞከረች። ሰዓቱን ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ጎተተችው። ጥጉ ላይ ስምንት አለ፤ ውጭም ስምንት ነው። ቀጠሮው ግን ያው ሰባት ተኩል! ቀጠሮ የሚልኩላትን የአስጎብኚዎቹን ደብዳቤ ልክፈት ስትል ደግሞ ገጹ አልከፍትም፣ ሰዓትሽ ልክ አይደለም አላት።

እህ! እህ! እህህ!

አያ ደምለው ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ነሱ። «ደህና ዋሉ ጌታው!» ዞር ቢሉ ሰው የለም። ወደ ኮምፒውተሯ አዩ። ወደ ጥሩዬ አዩ። ጥሩዬ አፏን በነጠላዋ ይዛለች።

«አንች ሰይጣን!» አሉና ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ ወዲህ በር ላይ አልቆሙም፤ በቅሏቸውን አስረው አጠገቧ ተቀመጡ።

ጥሩዬ ቆይቶ ገባት። ኮምፒውተሯ ሁለት ሰዓት አላት። አንዱ የሆዷ ነው፣ ከዓለም ጋር የምትነጋገርበት። ሌላው የፊቷ ነው፣ ለሰው የምታሳየው። እሷ ሆዷን ነው ያሳመመችው። መልሳ አስተካከለችው። የፊቷ ሰዓት እንግዲህ ካገሯ ነው የሚመጣው፤ አገርሽ የት ነው ብላ ብትጠይቃት፣ የኛን ሰዓት በጎረቤት ስም ይዛ፣ ናይሮቢ!

«እንደ በቅሎ ናት በይኛ» አሉ አያ ደምለው። «አባትሽ ማነው ሲሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች። ደባርቅ በይ በያት።»

«ደባርቅ ከዝርዝሩ የለችም፣ አያ።»

«የለችም? ይሄ ሁሉ ፈረንጅ እየመጣ?»

ጥሩዬ የሊቀመንበሩን ጣት አሰበች። ቁልፏንም አሰበች። ከዚያ አማተበችና ጓዳ ገባች። ከናይሮቢ ጎን አዲስ ስም ጻፈች፦ ደባርቅ። ሰዓቷን ከናይሮቢ ስድስት ሰዓት አስቀረቻት፤ ጎህ ሲቀድ ቀን እንድትጀምር። በፈረንጆቹ የጠዋትና የከሰዓት ምልክት ፈንታም «ቀን» እና «ማታ» ብላ አስገባች።

ነካች። አገርሽ የት ነው? ደባርቅ። የነገው ቀጠሮ? ብልጭ አለና፦ መነሻ 1:30 ቀን። ደብዳቤውም ያለ ሳል ተከፈተ።

አያ ደምለው ስክሪኑ ላይ አፍንጫቸው እስኪነካ ተጠጉ። «ዛሬ ብላለች። ተኝታ ስትነሳ ናይሮቢ ባትል ከምላሴ ጠጉር!»

«እንወራረድ!»

«እንወራረድ። ናይሮቢ ካለች የሳሉን ነገር ለሀብተ ሚካኤል ራስሽ በአፍሽ ትነግሪያለሽ።»

«ደባርቅ ካለችስ?»

ሽማግሌው አገጫቸውን አከኩ። በሕይወታቸው ለሰው ተሳሳትኩ ብለው አያውቁም። «በጉባኤ ፊት ቆሜ፣ ጥሩዬ ልክ ደምለው ስህተት እላለሁ።»

«ተራዎም የሚገኘው እኮ ሲሸነፉ ነው፣ አያ!»

«ታዲያስ! ባሸንፍ እስቃለሁ፣ ብሸነፍ ሳንቃ በር እወጣለሁ። አንች ለራስሽ እዘኝ።» እንዲህ አሉ እንጂ ዓይናቸው ከደባርቅ ላይ አልተነሳም፤ ጣታቸውን እያቆላለፉ ነበር።

እጅ ለእጅ ተማቱ። ለአስር ሰዓት ጥቂት ቀርቷል። ጥሩዬ ወረቀቱን ሊቀመንበሩ ፊት አትመዋለሁ ብላ ኮምፒውተሯን አጠፋች፣ እስከ አስር ቆጠረች፣ ልታበራት ስትጫን ምንም የለም። አምፖሉን አየች። ጎረቤት ወፍጮ ቤቱም ዝም ብሏል። መብራት ሄዷል።

«ሳንቲም የምታክል ባትሪ አለቻት» አለች ቀስ ብላ። «መብራት ሲጠፋ የሆዷን ሰዓት የምትይዝላት እሷ ናት።»

«ደህና ናት?»

«አሮጌ ናት።»

አያ ደምለው ማሾፉ ጠፋባቸው። ጋቢያቸውን ሰበሰቡና «ትይዛለች፣ አይዞሽ» አሉ፤ ውርርዱ የማን እንደሆነ የረሱ ይመስላሉ።

እህ! እህ! እህህ!

ሁለቱም እኩል ዞረው ኮምፒውተሯን አዩ። እሷ ጥቁር እንዳለች ናት። ጫማ ደረጃውን ሲወጣ ተሰማ።