በእስር ቤት የተነገረ መርዶ

ወታደሮች የያዙኝ ከቅዳሴ ስወጣ ነው፤ ጥምጣሜን እንኳ አላወለቅሁም። «ለሞቱት ታጣቂዎች ፍትሐት ያደረግኸው አንተ ነህ?» አሉኝ። «ለሞተ ሁሉ አደርጋለሁ» አልኋቸው። ጎንደር ዳር ካለ አሮጌ የእህል መጋዘን አስገቡኝ። የነቀዘ እህል ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል፤ ቁንጫው እንደሆነ ቄስና ሼህ አይለይም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ተደባልቀን ነበር የምንተኛው። እስረኞቹ የክፍሉ ኃላፊ አድርገው መረጡኝ።

አጠገቤ የሚተኛው ሙስሊም የጨርቅ ነጋዴ ነበር። ስንቅ የምታመላልስለት አንዲት ልጁ ናት። አንድ ቀን ስንቁን ጎረቤት አመጣው። ዘበኛው ወደ ጎን ጠራኝ።

«መምሬ፣ ልጅቱ ትናንት ስንቅ አድርሳ ስትመለስ ተባራሪ ጥይት አገኛት። ተቀብራለች። ኃላፊው እርስዎ ነዎት፤ ይንገሩት።»

ስንቱን ሐዘንተኛ አጽናንቻለሁ፤ የማውቀው ቃል ግን ሁሉ የቤተ ክርስቲያን ነው። አብረውን ወደታሰሩት ሽማግሌ ሼህ ሄድሁ።

«አያ፣ በእናንተ ወግ ምን ብዬ ልንገረው?»

«መርዶ አንድ ነው፣ መምሬ። በልቶ ይደር። ሳይነጋ ተሰብስበን እርስዎ ይንገሩት፤ ይወድዎታል። ዱዓውን ለኔ ይተዉልኝ።»

ማታ አብረን ማዕድ ቀረብን። «ዛሬ ምነው ልጄ ቀረች?» አለኝ። «ነገ እንሰማለን» አልሁት።

ጎህ ሳይቀድ ሁላችንም ተነስተን ከበብነው። የአገሩ ልጅ ነውና ሰው ተሰብስቦ ሲያይ ገባው።

«ልጄ ናት?»

«አዎ፣ ወንድሜ።»

ደረቱን እንዳይመታ እጆቹን ያዝን። ሼሁ ዱዓ ሲያደርጉ እኔም መሬት ተቀምጬ እጄን ዘረጋሁ፤ «አሚን» አልሁ።

ወዲያው «ለቆጠራ ተነሱ!» ተባለ። ማንም አልተነሳም። ዘበኛው ዱላውን ይዞ ገባ።

«ለቅሶ ላይ ነን» አልሁት።

ቆቡን አወለቀና እንደተቀመጥን ቆጠረን።

መቃብሯን እንዲያይ ለመንን፤ አልተፈቀደም። «መምሬ፣ ቀድመው ከወጡ ይዩልኝ» አለኝ።

እኔ ተፈታሁ። እሱን ወደ ሌላ ቦታ ወሰዱት፤ የት እንዳለ ዛሬም የሚነግረኝ የለም። ሳስበው ልቤ ይሰበራል። ስንቁን ያመጣው ጎረቤት መቃብሯን አሳይቶኛል፤ አልፎ አልፎ ወደ ሙስሊሞቹ መቃብር እሄዳለሁ። «ቄስ እዚያ ምን ይሠራል?» የሚሉ ምእመናን አልጠፉም። ፍትሐት አላደርግም፤ የሷ ወግ አይደለም። አረሙን እነቅላለሁ፣ የተናደውን ድንጋይ እመልሳለሁ። አባቷ ሲመጣ ቦታው እንዳይጠፋው ነው።