የማክሰኞዋ አልቃሽ

ተዋናይቷን የማያውቅ አለ እንዴ! በየማክሰኞው ቴሌቪዥን ላይ ስታለቅስ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ አገር አብሯት ተነፋርቋል። ሽንኩርት አትል፣ የዓይን ጠብታ አትል፤ ዳይሬክተሩ «በግራ ዓይንሽ ብቻ» ካላት በግራው ብቻ ታወርደዋለች፣ ጉድ እኮ ናት!

አንድ ጠዋት ታዲያ ባሏ ሻንጣውን አንጠልጥሎ «በቃኝ፣ ሄጃለሁ» አላት።

«አትሂድብኝ!» ስትለው የእውነት እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ኧረ ባክሽ፣ ይሄንንማ ባለፈው ማክሰኞ አይቼዋለሁ።»

ምን ታድርግ? ሌላ አለቃቀስ ከየት ታምጣ? ያላትን ሁሉ ለድራማ ባሎቿ አልቅሳ ጨርሳዋለች። ከንፈሯን ነክሳ እንባዋን ዋጥ አደረገች።

«አየሽ አይደል» አለ፤ «ለእኔ ሲሆን አንዲት ዘለላ እንኳን የለሽም።» በሩን ዘግቶባት ወጣ።