እንዳትጠፋ

ትናንት አዲስ አበባ፣ ቡልጋሪያ ሰፈር በሚገኘው ቤቴ በረንዳ ላይ የልጅ ልጄ ሜሮን የባዮሎጂ የቤት ሥራዋን ስትሠራ ሴል ሥላ አሳየችኝ። ኑክሊየሱ ውስጥ ያለችውን ጥቁር ነጥብ፣ ኑክሊዮለስን፣ በወፍራም መስመር ከባታለች።

«ይሄን መስመር አጥፊው፤ ሽፋን የላትም» አልኳት። ከባዮሎጂ ትምህርት ያልረሳሁት ይህን ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ያስተማረችኝ ዘይነባ ናት። ካዛንቺስ፣ አባቷ ቅመም የሚሸጡበት ሱቅና የእኛ ቤት ግድግዳቸው አንድ ስለነበር በርበሬ በተሰፈረ ቁጥር ቤተሰቡ በሙሉ ያስነጥስ ነበር። ለማትሪክ የምናጠናው ሱቁ በር ላይ ነው። የግንቦት ዝናብ ቆርቆሮውን በሚደበድብበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ እኔ በሣልኩት ኑክሊየስ ላይ አንዲት ፍሬ ጥቁር አዝሙድ አስቀመጠች።

«ኑክሊዮለስ ይቺ ናት። አጥር የላትም፤ ራይቦዞም የሚሰናዳው ግን እሷ ጋ ነው። ከዚያ ወጥቶ ፕሮቲን ይሠራል።»

እኔ አዋቂ ነኝ ባዩ፣ «ሴሉ ሲከፈል ደግሞ ትጠፋለች። ማለቴ፣ ትሞታለች በቃ» አልኩ።

ሳቀችብኝ። «አንተ ደግሞ! ጠፋ ማለት ሞተ ማለት ነው እንዴ? የጠፋ ሰው ስናገኝ አይደል ‹ምነው ጠፋህ› የምንለው? ትበተናለች እንጂ አትሞትም። በሁለቱም አዳዲስ ሴሎች ውስጥ መልሳ ትሰበሰባለች።»

አዝሙዷን አንስታ በጥርሷ ሰበረቻት። ሽታው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ። እወዳት ነበር። ዛሬ ነገ እነግራታለሁ ስል ፈተናው አለፈ፤ አባቷም ሱቁን ዘግተው ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ቡታጅራ ሊሄዱ ተነሡ።

ዕቃቸው የተጫነበት መኪና አጠገብ ቆሜ ያሰብኩትን ሁሉ ዋጥኩት። «ፈተና እንዴት ነበር?» አልኳት። እንደኔ ያለ ጅል!

«ኑክሊዮለስ መጥታ ነበር፤ መልሻታለሁ» አለችና እጄን ያዘችኝ። «እንዳትጠፋ፣ እሺ?»

«እሺ» አልኩ። ጠፋሁ። አንድ ደብዳቤ እንኳ አልጻፍኩላትም፤ መጀመሪያ በአፍረት፣ ኋላ በትዳር፣ ከዚያም እንዲሁ።

ባለፈው ሳምንት በታክሲ ካዛንቺስን ሳልፍ ሱቁም ቤታችንም ፈርሰው ሰፊ አስፋልት ሆነው አየሁ። ጎረቤቱ ሁሉ በከተማው ዳር ዳር ተበትኗል። እሷ ብትመጣ እንኳ እኔን የምትጠይቅበት ደጃፍ የለም።

ሜሮን መስመሩን በላጲስ አጥፍታ ቀና አለች። «አባባ፣ ሴሉ ሲከፈል ኑክሊዮለስ ትጠፋለች ይላል። ሞተች ማለት ነው?»

«ኧረ፣ ትበተናለች እንጂ አትሞትም» አልኳት። በዚህ ዕድሜዬ አንዲት ሴት ከኋላዬ መጥታ «ምነው ጠፋህ?» እንድትለኝ እናፍቃለሁ።