ወደ ዲጋ የምትሄደው ቅጂ

የዲጋው ሚኒባስ ነቀምቴ መናኸሪያ ሰው እስኪሞላለት ቆሟል። ከእማማ ባዩሽ ጎን የተቀመጠው ሰው በሕፃን ሹራብ የተጠቀለለ ነገር አቅፏል። ሸሚዙ በደንብ ተተኩሷል፤ የአንድ እግር ጫማው ማሰሪያ ግን ቀጭን የኮምፒውተር ሽቦ ነው። ሹራቡን ሲገልጠው ጥቁር ሃርድ ዲስክ ብቅ አለ። ከቦርሳው ላፕቶፕ አውጥቶ ሰካው።

«ምንድን ነው ልጄ?» አሉት እማማ ባዩሽ።

«ቤቴ ያለው ሰርቨር ሆዱ ውስጥ ሌሎች ኮምፒውተሮች አሉት፣ ሀርሜ» አላቸው፤ በኦሮምኛ እናቴ ማለቱ ነው። « ቨርቹዋል ማሽን ይባላሉ። ይሄ የአንዷ ቅጂ ነው፤ እህቴ ጋ ላስቀምጠው ነው። ቀድቼ ስጨርስ መብራት ሄደብኝና መሥራቷን አላየሁም።»

«እዚያው ቤትህ ብታኖረውስ?»

«አያና ከተማ ሳለሁ ሁሉም ነገር በአንድ ጣራ ሥር ነበር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቤቱ ሲቃጠል ሁሉም ጠፋ፤ የተረፈኝ ከጎረቤት ስልክ የተገኘ የሟች ባለቤቴ መዝሙር ብቻ ነው። እዚች ማሽን ውስጥ ነው ያለው።»

ስክሪኑ ላይ ትንሽ ክብ ትዞር ጀመር። እማማ ባዩሽም አንገታቸውን አስግገው አብረውት ጠበቁ።

«ሠራች!» ብሎ ብድግ ሲል ራሱ ከመኪናው ጣራ ጋር ተጋጨ።

«እንኳን ማርያም ማረችህ!» አለ አንዱ ከኋላ ሹራቡን አይቶ፤ መኪናው በሳቅ ተናጋ።

ከላፕቶፑ የሴት ድምፅ በኦሮምኛ ይዘምር ጀመር። መሃል ላይ ሳል አቋረጣትና እንደገና ቀጠለች። ሰውየው የእማማ ባዩሽን እጅ አፈፍ አድርጎ ያዘ።

«ሰሙ ሀርሜ? ሳሏም አለ! ሳሏ እንኳ አልጠፋም!»